ሕፃናት የፈሯቸው የሕፃናት መምህርት

ሠርግ በሙሽራውና በሙሽራይቱ ብቻ አይደምቅም፤ ሚዜው፣ አዝማሪው፣ ጠላ ቀጂውና ዳስ ጣዩ ጎረቤት ሁሉ በየድርሻው ሲያገለግል ነው ግብሩ ምሉዕ የሚሆነው። የሲኒማም ነገር እንዲሁ ነው። የመሪዎቹ ተዋንያን ስም በማስታወቂያው ላይ በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ፣ ሐሜተኛዋን ጎረቤት፣ ቊጡዋን አክስት፣ ምላሰኛዋን ሠራተኛ እየሆኑ ታሪኩን የሚያጣፍጡት ግን መልካቸው በሕዝብ ዘንድ እየታወቀ ስማቸው ሳይታወቅ ዘመናቸውን ይፈጽማሉ። ይህንን ሙያ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ይዘው ከኖሩት አንዷ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሃሚልተን ነበሩ።

ወይዘሮ ሃሚልተን በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ከዚህ በታችም የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚያው ነው፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1902 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ልባቸው ወደ ተውኔት ያዘነብል ነበር፤ ነገር ግን ወላጆቻቸው አስቀድመው እንጀራ የሚያስገኝ ሙያ እንዲይዙ ስለ ፈለጉ፣ ቦስተን ወርደው በዊሎክ ትምህርት ቤት የሕፃናት አስተማሪነትን ተማሩ፤ ተመልሰውም ፊደል ያልቈጠሩ ሕፃናትን ያስተምሩ ጀመር። ማታ ማታ በከተማቸው ቴአትር ቤት ይጫወቱ የነበሩት መምህርት በመጨረሻ በኒውዮርክ መድረክ ላይ ወጡ፤ በዚያም የተጫወቱት «አናዘር ላንጉዌጅ» የተባለው ተውኔት በ1933 ወደ ፊልም ሲለወጥ፣ ለሲኒማ በር ከፈተላቸው።

ውበት እንደ ሸቀጥ በሚመዘንበት በሆሊውድ፣ ረጅም አፍንጫ፣ ሹል አገጭና ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ይዛ የመጣች ሴት ትመለሳለች እንጂ ትበለጽጋለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እርሳቸው ግን ተፈጥሮ የሰጠቻቸውን መልክ ሊሰውሩት አልሞከሩም፤ መክሊታቸው አደረጉት እንጂ። በ1938 ትዳራቸው ፈርሶ አንድ ልጃቸውን ለብቻቸው የማሳደግ ግዴታ ስለ ወደቀባቸውም፣ ድርሻው ትንሽ ነው ብለው ሥራ አይመልሱም ነበር።

በዚያው ዓመት የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ የፍራንክ ባውምን የ1900 የልጆች መጽሐፍ ወደ ፊልም ሊለውጥ ተነሣ። ፊልሙም «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ነበር፤ ዐውሎ ነፋስ ወደ ኦዝ አገር የወሰዳት ዶሮቲ የተባለች ልጅ፣ ክፉዋ ጠንቋይ እያሳደደቻት ወደ ቤቷ የሚመልሳትን መንገድ ስትፈልግ የሚያሳይ ነው። ለጠንቋይቱ ድርሻ መጀመሪያ የታሰቡት ጌል ሶንደርጋርድ ሲሆኑ፣ ጠንቋይቱ ውብ መሆኗ ቀርቶ መልከ ጥፉ እንድትሆን በተወሰነ ጊዜ ድርሻውን ተዉት። ወይዘሮ ሃሚልተን ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ ኩባንያው ለዚህ ፊልም እንደሚፈልጋቸው ወኪላቸው ሲነግራቸው፣ መጽሐፉን ከልጅነታቸው ይወዱት ስለ ነበር እጅግ ተደስተው የማንን ድርሻ እንደሚጫወቱ ጠየቁ፤ ወኪሉም ከጠንቋይቱ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል ሲል መለሰላቸው።

ዲሴምበር 23 ቀን 1938፣ ጠንቋይቱ በእሳትና በጢስ መካከል የምትሰወርበት ክፍል ይቀረጽ ነበር። ተዋናይቷ በወለሉ ሥውር መዝጊያ በኩል ወደ ታች ከወረዱ በኋላ ነበልባሉ እንዲነሣ የታቀደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀረጻ በደኅና ቢያልፍም፣ ሲደገም ግን እሳቱ ሳይወርዱ ቀደማቸውና ፊታቸውንና ቀኝ እጃቸውን አቃጠላቸው። ከቃጠሎው ይልቅ የባሰው፣ ፊታቸውን አረንጓዴ ያደረገው ቅብ መዳብ ያለበት በመሆኑ ወደ ቍስሉ ገብቶ እንዳይመርዛቸው በአልኮል መታጠቡ ነበር፤ በተላጠ ሥጋ ላይ አልኮል ሲፈስ ምን ያህል እንደሚያሠቃይ ቍስል ያየ ሰው ያውቀዋል። ስድስት ሳምንት ያህል ታመው ከተኙ በኋላ ተመለሱ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ እሳት ባለበት ሥራ አልገባም አሉ። ጠንቋይቱ በምትበርበት ጢስ በሚተፋ መጥረጊያ ላይ በእርሳቸው ፈንታ የተቀመጠችው ቤቲ ዳንኮ መሣሪያው ፈንድቶባት ሆስፒታል በገባች ጊዜ፣ እምቢታቸው ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል እንደ ነበረ ታወቀ።

በ1939 በወጣው በዚህ ፊልም ጠንቋይቱ የምትታየው ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሲኒማ ቤት ብቻ ቢቀር ኖሮ ጠንቋይቱ የምታሳድረው ፍርሃት አንድ ትውልድ አስደንግጦ ባለፈ ነበር፤ ነገር ግን ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ በ1956 በቴሌቪዥን አሳየው፤ ከ1959 ጀምሮም በየዓመቱ መላልሶ ያሳየው ስለ ነበር፣ አረንጓዴዋ ጠንቋይ በየቤቱ ሳሎን እየገባች አዲስ የተወለደውን ሁሉ በተራው ታስፈራራው ጀመር። ሕፃናትን ሲወዱ የኖሩት መምህርት፣ ሕፃናት በመንገድ አግኝተዋቸው ዶሮቲን ለምን እንዲያ አሠቃየሻት ብለው ሲጠይቋቸው ይህ ለእርሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥራቸው ግን በዚህ አላበቃም። በ1943 «ኦክስ ቦው ኢንሲደንት» በተባለው ፊልም ተጫወቱ፤ በ1960ዎቹም «አዳምስ ፋሚሊ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ አያት ሆነው ታዩ። የቤቨርሊ ሂልስ ትምህርት ቤቶች ቦርድ አባል ሆነውም አገልግለዋል። በ1970ዎቹ ደግሞ በማክስዌል ሐውስ ቡና ማስታወቂያ ላይ ኮራ የተባለችው የሱቅ ባለቤት ሆኑ፤ ልጆች ሸሽተውት የነበረው ፊት አሁን ለአባትና ለእናታቸው ቡና ይመርጥ ጀመር። የጠንቋይቱ ጥላ ግን አልተለያቸውም፤ በ1976 «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የልጆች ዝግጅት በዚያው መልክ ቢቀርቡ፣ ልጆቻቸው የደነገጡባቸው ወላጆች ተቃውሞ ስለ ላኩ ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ዳግመኛ ሳይታይ ቀረ።

ከዚያ ባንድ ዓመት በፊት ግን ፍሬድ ሮጀርስ ለሕፃናት በሚያዘጋጁት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው የለሰለሰ አንዲት ወይዘሮ በእንግድነት ገብተው ነበር። ጥቁሩን ቀሚስ፣ ካባውንና ሹሉን ቆብ አንድ በአንድ እያነሡ በሕፃናቱ ፊት ለበሱ፤ ከዚያም የጠንቋይቱን ድምፅ አሰሙ፤ ነገሩም ጨዋታ መሆኑን አስረዱ። ወይዘሮ ሃሚልተን ሜይ 16 ቀን 1985 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በኮኔቲከት ዐረፉ፤ በ2003ም የአሜሪካ የፊልም ተቋም የሲኒማን ክፉዎች ሲቈጥር ጠንቋይቱን በአራተኛ ደረጃ አስቀመጣት። በሮጀርስ ፕሮግራም በቀረቡበት ቀን ቴሌቪዥን የከፈተ ሕፃን ግን ሌላ ነገር አይቶ ነበር፤ ቆቡ ከመደፋቱ በፊት ከሥሩ የነበረውን የመምህርቷን ፊት።