ሰሊጡን ሸጦ ዘይት የሚገዛ ኤኮኖሚ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ከተከፈቱት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው በመደርደሪያው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የምግብ ዘይት ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ሀገራችን ደግሞ ከሁመራና ከመተማ የሚታፈሰውን ሰሊጥ ለረጅም ዘመን ለውጭ ገበያ ስታቀርብ ኖራለች። ሰሊጡ ሳይጨመቅ በጆንያ ይወጣል፤ ዘይቱ በጀሪካን ይገባል። የኤኮኖሚያችን መሠረታዊ ቅራኔ በዚህ ሱቅ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአንድ ሸቀጥ ላይ የቆመ ኤኮኖሚ ዕጣው ምን እንደሆነ ነዳጅ አምራቾቹ ናይጄሪያና አንጎላ በሚገባ ያውቁታል። ከ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል የሁለቱም አገሮች ገንዘብ አብሮ ወድቋል። የእኛ ነዳጅ ቡና ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል የቡና ማሳዎች ላይ ውርጭ ወረደና የዓለም ዋጋ ናረ፤ የእኛም ካዝና ለጊዜው ሞላ። በ1981 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ፈረሰና ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1994 ዓ.ም. አንዱ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲሸጥ ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሲዳማውም ሆነ የከፋው አምራች የሠራው ሥራ ያው ነበር፤ የድካሙን ዋጋ የሚወስኑት ግን ኒው ዮርክና ለንደን ነበሩ።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል የሚሉ አሉ። በ2017 የበጀት ዓመት ከወጪ ንግድ የተገኘው ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድረሱ እርግጥ ነው፤ ታላቅ ውጤትም ነው። ነገር ግን አኃዙን ፈልፍለን ስናየው ወርቅ 3.5 ቢሊዮን ያህሉን፣ ቡና ደግሞ ከ2.6 ቢሊዮን በላይ የሆነውን ይዘዋል። ሁለቱ ብቻ ከጠቅላላው ሦስት አራተኛ ገደማ ናቸው ማለት ነው። የሁለቱም ዋጋ በዚያው ዓመት በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህም በጎን ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ ተመልሷል። እንግዲህ ከአንድ ምሰሶ ወደ ሁለት ምሰሶ ተሻገርን እንጂ ቤቱ ገና ግድግዳ አላበጀም።

ወደ ኢንዱስትሪ ለመሻገር የተደረገው ሙከራስ? በሐዋሳና በሌሎችም ፓርኮች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአጎአን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታነሣ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። በአንድ የባዕድ ፊርማ የተሰጠ ገበያ በዚያው ብዕር ተሰረዘ። ኢምፔሪያሊዝምን ማውገዝ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጨርቁ ራሱ በአብዛኛው ከእስያ ይገባ እንደነበር ካልተናገርን ውግዘቱ ጎዶሎ ይሆናል። ጥጡ፣ ፈትሉና ሽመናው ያልተያያዙበት ስፌት ከእጅ ሥራ ኪራይ አይዘልም።

ማሌዥያ በ1949 ዓ.ም. ነፃነቷን ስትቀዳጅ በጎማና በቆርቆሮ ማዕድን ላይ የተንጠለጠለች አገር ነበረች። ፓልምን አስፋፋች (ዛፉ መሠረቱ የእኛው ምዕራብ አፍሪካ መሆኑ ያስቆጫል)፤ ከዚያም ጥሬው ዘይት ሲወጣ ከባድ ቀረጥ እንዲከፍል፣ የተጣራው ግን እንዲቀልለት ደነገገች። ማጣሪያዎቹ በአገር ውስጥ የተተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። በቡሬና በደብረ ማርቆስ እኛም ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች አቁመናል። ይሁን እንጂ ነጋዴው ሰሊጡን ወደ ጅቡቲ መጫን ከፋብሪካው ደጅ ከማራገፍ ይልቅ ያዋጣዋል፤ በሰሊጥ ያገኘውን ዶላር ለሌላ ዕቃ ማስመጫ ሲያውለው ኖሯልና። ስለዚህ ጥያቄው የፋብሪካ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ፖሊሲው ዶላሩን ከሚያሳድደው ነጋዴና ዘሩን ከሚጨምቀው ሠራተኛ ለማን ይወግናል የሚል ነው።

ወደ ኮዬ ፈጬ እንመለስ። ሕንፃዎቹ የቆሙበት መረሬ አፈር ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያበቅል ነበር። ሽምብራ ዶላር የሚያመጣ ሰብል ነው፤ በቦታው የተተከለው ብረት ደግሞ ጥሬ ዕቃው በዶላር የተገዛ ነው። ሰፊው ሕዝብ መጠለያ ማግኘቱ የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን መሬቱን የለቀቀው አርሶ አደር ቅሬታ፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ በወጣ ጊዜ አደባባይ የወጣው ተቃውሞ እንዳሳየው፣ በካሣ ገንዘብ ብቻ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም።

በዚያው አቅራቢያ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተሰናዳው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ለምትሸምት አገር እዚህ የሚመረት እያንዳንዱ እንክብል ከተሸጠ ቡና የማይተናነስ ምንዛሪ ያድናል፤ ውሎ አድሮም ለጎረቤቶቻችን ሊሸጥ ይችላል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። የሽምብራ ማሳቸውን ከለቀቁት አርሶ አደሮች ልጆች መካከል ስንቶቹ በዚያ አጥር ውስጥ በማሽን ላይ፣ ስንቶቹ በር ጥበቃ ላይ እንደተሰማሩ የሚመለከታቸው አስተዳደሮች በየዓመቱ ቆጥረው ለሕዝብ እንዲያስታውቁ እንጠይቃለን።