የውቅያኖስ ወለል ከካዛንቺስ ሲታይ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ተረት፦ «ባሕር የሌለው አገር ስለ ባሕር ወለል ምን አገባው?»

እውነት፦ የአፍሪካን የባሕርና የሐይቅ ሀብት የሚመለከተው የፖሊሲ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ከዚሁ ከካዛንቺስ፣ ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ኢትዮጵያ ድምፅ ያላት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2006 በውሳኔ 61/105፣ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ወለል የሚጠርግ መረብ የሚጎትቱ መርከቦች በቀላሉ የሚጎዱ ሥፍራዎችን እንዳያወድሙ አሳስቧል። ደግሞስ ባሕር የለንም እንጂ አልነበረንም ማን አለ? በዳናክል ጨው ሜዳ ዳርቻ ያለው የኮራል ድንጋይ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እዚያ ድረስ መግባቱን ይመሰክራል።

ተረት፦ «ጥልቁ ጭቃና አሸዋ ብቻ ነው፤ ኮራል ያለ ፀሐይ አይኖርም።»

እውነት፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በኖርዌይ ሮስት አቅራቢያ የተገኘው ኮራል ከ300 ሜትር በታች፣ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ከሃዋይ ጥልቅ ውኃ የወጣ አንድ ጥቁር ኮራል ደግሞ ዕድሜው ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አክሱም ሳትቆረቆር የበቀለ ማለት ነው። መረብ ግን በደቂቃዎች ይሰብረዋል። ስለዚህ የት እንዳለ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ካሜራ ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

ተረት፦ «ፎቶ አይዋሽም፤ ካሜራ ካየው አበቃ።»

እውነት፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ውኃ ብርሃን ይውጣል፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራው መብራት ይዞ ወለሉን ሊነካ እስኪቃረብ ይወርዳል፤ በአንድ ፎቶ የሚያየውም ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ርቀታቸው የታወቀ ሁለት የሌዘር ነጥቦች ምስሉ ላይ ካላረፉ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ አውራ ጣት የሚያክለውን በርሜል ከሚያክለው መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል፦ ስንት ነው? በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? የቆመው በዓለት ላይ ነው ወይስ በጭቃ? የብዙ ስፖንጆች ዝርያ የሚለየው በማይክሮስኮፕ በሚታዩ ጥቃቅን መርፌዎቻቸው ነው፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ከፎቶ ብቻ የዝርያ ስም አይሰጥም፣ «ጽዋ መሰል ስፖንጅ» ብሎ ያልፋል። አንድ ኮራል መታየቱም ሥፍራውን በቀላሉ የሚጎዳ አያሰኘውም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2008 መመሪያ ብርቅነቱን፣ ለሌሎች ፍጥረታት ያለውን ጥቅም፣ ተሰባሪነቱን፣ የማገገም ዝግመቱንና የአወቃቀሩን ውስብስብነት መዝኑ ይላል።

ተረት፦ «አሁንማ ኮምፒውተሩ ይለየዋል።»

እውነት፦ ያግዛል። የሚያውቀው ግን ሰው ስም ሰጥቶ ያስተማረውን ነው፤ ሌላ ባሕር፣ ደፍራሽ ውኃ ሲገጥመው ይሳሳታል።

ተረት፦ «ፎቶው ላይ ካልታየ የለም።»

እውነት፦ ካሜራ ያለፈበት ከሰፊው ወለል ቀጭን መስመር ነው። ያልተቀረጸን ወለል «ባዶ ነው» ብሎ ለመረብ መክፈት ማስረጃ የሌለው ፍርድ ነው።