ሽቦውን ከመንቀልህ በፊት ስም አውጣለት

ባለፈው ኅዳር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሳሎናችንን አሮጌ ቴርሞስታት ነቅዬ አዲስ ልገጥም ተነሣሁ። የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴይንት ፖል ነው። እዚህ ጥር ሲገባ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስባቸው ሌሊቶች አሉ። ማሞቂያው ቆሞ ያደረበት ቤት የውኃ ቧንቧው ጭምር ሊፈነዳ ይችላል።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ይዤ ክዳኑን ሳነሣ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘሁ፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫና አረንጓዴ። ወዲያው አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ደሴ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ገብቼ ስቀመጥ፣ የተከፈተ ሬዲዮ ፊቱ አድርጎ እያንዳንዷን ሽቦ በቁራጭ ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ፣ በእስክሪብቶ ቁጥር ይጽፍባት ነበር። «ሽቦውን ከመንቀልህ በፊት ስም አውጣለት» ይለኛል። በቁጥር እንጂ በቀለም ሲጠራቸው ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ፎቶ አነሣሁ፣ ከዚያ ፕላስተር ቀድጄ በየሽቦው ላይ የነበረበትን ፊደል ጻፍኩ። ፊደል ያልኩት ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ስም ነው። በአሜሪካ ቤቶች ቀይ ሽቦ ብዙውን ጊዜ «አር» ላይ፣ ነጭ «ደብሊው» ላይ፣ ቢጫ «ዋይ» ላይ፣ አረንጓዴ «ጂ» ላይ ይታሰራል። አር ከትራንስፎርመር 24 ቮልት ይዞ ይመጣል። ደብሊው ማሞቂያውን፣ ዋይ ማቀዝቀዣውን፣ ጂ ደግሞ አየር የሚነፋውን ፋን ይጠራሉ። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም።

ብዙ ወዳጆቼ ቴርሞስታቱን እንደ ምድጃ ያዩታል። ቤቱ ቶሎ እንዲሞቅ ብለው ቁጥሩን እስከ ጫፍ ይሰቅሉታል። ቴርሞስታት ግን ሙቀት አያመነጭም፤ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ክፍሉ ካዘዛችሁት ዲግሪ ሲወርድ አርንና ደብሊውን ያገናኛል፣ በዚህ ሥራው ያበቃል። ቤዝመንት ያለው ፈርነስ፣ ማለትም ማሞቂያው ራሱ፣ መልእክቱን ሲቀበል በመጀመሪያ የጭስ ማስወጫው ትንሽ ፋን ይነሣል። ጭሱ መውጫ እንዳለው ሲረጋገጥ ማቀጣጠያው እንደ ፍም ይቀላል፣ ጋዙ ይከፈታል፣ እሳቱ ይያያዛል። እሳቱ መያያዙን የሚከታተል ቀጭን ዘንግ አለ፤ ነበልባል ካላገኘ ጋዙን መልሶ ይዘጋል። ትልቁ ፋን ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ መንፋት የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። ቁጥሩን 85 ፋራናይት ብታደርጉት ከዚህ ቅደም ተከተል አንዱም አይፈጥንም።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ የተጀመረ መሆኑ ደስ ይለኛል። አልበርት በትዝ የተባለ ስዊዘርላንድ የተወለደ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የከሰል ምድጃውን አየር ማስገቢያ በራሱ የሚከፍት መሣሪያ ሠራ። ከሥራው የተወለደው ድርጅት ኋላ ሃኒዌል ሆነ። እኔ ከግድግዳ የነቀልኩት ክብ ቴርሞስታትም የዚሁ ድርጅት ነው፤ ሄንሪ ድራይፈስ ቅርጹን ያወጣለትና እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ የወጣው ዓይነት። ውስጡ በብርጭቆ ብልቃጥ የታሸገ ሜርኩሪ አለ። ሙቀቱ ሲለወጥ ጥቅል ብረት ይተረተራል ወይም ይጠቀለላል፣ ብልቃጡ ያዘነብላል፣ ሜርኩሪው ተንከባልሎ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ውስጥ መጣል በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ወስጄ አስረከብኩ።

አሮጌው ቴርሞስታት ባትሪም ሆነ ሌላ ኃይል አይፈልግም ነበር። አዲሱ ግን ስክሪን አለው፣ ከኢንተርኔት ይገናኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ አምስተኛ ሽቦ ይፈልጋል፤ «ሲ» የሚባለውን፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ። ግድግዳው ውስጥ በእጅ ባትሪ አብርቼ ሳይ አንድ ሰማያዊ ሽቦ በገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው አላስፈለገውም። ይህን የመሰለ ትርፍ ሽቦ በብዙ ቤት አለ፤ አዲስ ገመድ ከማስጎተታችሁ በፊት ፈልጉት።

የሰማያዊው ሌላኛው ጫፍም መታሰር ስላለበት ቤዝመንት ወርጄ የፈርነሱን በር ከፈትኩ። ቦርዱ ላይ ያው ፊደላት በሰልፍ ተቀምጠዋል። ሲ የሚለው ብሎን ላይ ግን ቀይ ሽቦ ታስሮበታል! ላይ ቤት ቀይ ማለት አር ነበር፤ እዚህ ቀይ ሲ ላይ ምን ያደርጋል? ሽቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ገመዱ ወደ ሳሎን አይወጣም፤ ግድግዳውን በስቶ ውጭ ወዳለው የማቀዝቀዣ ሞተር ይሄዳል። ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ቀይና ነጭ፤ ቀዩ ሲ ላይ፣ ነጩ ዋይ ላይ። የሠራው ሰው አልተሳሳተም። በእጁ የነበረው ገመድ ሁለት ቀለም ብቻ ስለነበረው ነው። በቀለም ብመራ ኖሮ «ይህ ቀይ ቦታውን ስቷል» ብዬ ወደ አር አዛውረው ነበር፤ በጋው ሲመጣ ማቀዝቀዣችን አይሠራም። አባቴ በቁጥር ይጠራቸው የነበረበት ምክንያት ያን ዕለት ቤዝመንት ውስጥ ገባኝ። ሽቦን የሚገልጸው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ነው።

ሰማያዊውን ከቀዩ ጋር ደርቤ ሲ ላይ አሰርኩት። ስሕተቴ ግን ከዚህ በፊት የተሠራ ነበር፦ ብሬከሩን አላጠፋሁም። 24 ቮልት ሰው አይጎዳም ብዬ ነው። ላይ ወጥቼ የሰማያዊውን ጫፍ ስልጥ፣ ከአር ቀይ ሽቦ ጋር ተነካካ። ድምፅም ብልጭታም አልነበረም፤ ማሞቂያው ብቻ ዝም አለ። ቦርዱ ላይ ያለው ሐምራዊ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ መኪና ውስጥ እንደምናውቀው ያለ፣ 3 አምፔር። ፊውዙ ባይኖር የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነበር። ተለዋጭ ፍለጋ ሱቅ ሄጄ እስክመለስ ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ባለቤቴ ልጃችንን በጋቢ ጠቅልላ ተቀምጣ አገኘኋት። ከሰል ማቀጣጠል ግን ማናችንም አላሰብንም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ፍም፣ ወይም ለሙቀት ብሎ የጋዝ ምድጃ ከፍቶ መቀመጥ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣልና ቤተሰብ ይገድላል። ይህን ለቡና ከሰል ለለመድነው ለኛ ደግሞ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ብሬከሩን አጥፍቼ ፊውዙን ቀየርኩ፣ የቀረውን አሰርኩ፣ አበራሁት። በቴስተር በአርና በሲ መካከል 26 ቮልት አነበብኩ። ማሞቂያውን ሳዝዝ ታች ትንሹ ፋን ሲነሣ ተሰማኝ።

ይህን በስልክ ለእህቴ ስነግራት «እኔም ልቀይር» አለችኝ። እሷ ለንደን ናት። አይሆንም አልኳት። እንግሊዝ አገር የብዙ ቤት ቴርሞስታት 230 ቮልት የሚያልፍበት ነው፤ ያ ይገድላል። ቀለሙም አያድንም፦ ቀይና ጥቁር የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቡናማና በሰማያዊ ስለተተካ፣ በአንድ ቤት አሮጌውና አዲሱ ተቀላቅሎ ይገኛል። ከዚያም በላይ፣ ሰማያዊ ሽቦ መመለሻ ነው ብላችሁ ስትነኩት፣ ከቴርሞስታቱ ወደ ቦይለሩ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚሄድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እህቴ ኤሌክትሪሺያን ጠርታ አስቀየረች።

አሜሪካም ቢሆን ሁሉም ቤት እንደኔ አይደለም። ግድግዳ ሥር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባለባቸው አፓርታማዎች ቴርሞስታቱ ውስጥ የሚያልፈው 120 ወይም 240 ቮልት ነው። ክዳኑን ስታነሡ እንደ እርሳስ እምብርት ቀጭን የሆኑ ባለብዙ ቀለም ሽቦዎች ካያችሁ፣ ብሬከሩን አጥፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ በየሽቦው ላይ ፊደሉን ጻፉ፣ ከዚያ ጀምሩ። ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው በፕላስቲክ ቆብ የተጠመዘዘ ሁለት ወይም አራት ሽቦዎች ካያችሁ ግን ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙና ባለሙያ ጥሩ።