«ባዕድ» እና «ቆሻሻ»፦ ስለ አንድ የፊዚክስ ስያሜ

በጅጅጋ ገበያ ጨው የሚሸምት ሰው አፈር የተቀላቀለበት ቢቀርብለት «ቆሻሻ አለበት» ይላል፤ በሶማሊኛም «ወሰኽ» ይለዋል። አነጋገሩ ትክክል ነው። በጨው መሰል ክሪስታሎች ውስጥ የሚገኙ እንግዳ ሞለኪውሎችን የሚመለከት የፊዚክስ ጽሑፍ ሲተረጐም ግን ይኸው ቃል አንባቢን ያሳስታል።

ምሳሌ እንውሰድ። ፖታሲየም ክሎራይድ፣ አዎንታዊና አሉታዊ አዮኖች ተፈራርቀው የተደረደሩበት ክሪስታል ነው። ቀልጦ ሳለ ጥቂት ሃይድሮክሲል ቢጨመርበት፣ ሲረጋ ሃይድሮክሲሉ የአንዳንድ ክሎራይዶችን ስፍራ ይይዛል። ክሎራይድ እንደ ሉል ነው፤ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተገነባው ሃይድሮክሲል ግን ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት። ስለዚህ ከክሪስታሉ ስድስት ዋና አቅጣጫዎች ወደ አንዱ ፊቱን ይመልሳል። በብርቱ ቅዝቃዜ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያርፍበት፣ ብዙዎቹ ሃይድሮክሲሎች ወደ መስኩ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ቬርነር ካንዚግና ባልደረቦቻቸው ይህን ጠባይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አሳውቀዋል። ሃይድሮክሲሎቹ ሲሰለፉ፣ ክሪስታሉ የሚውጠው የአልትራቫዮሌት ብርሃን መጠን እንደ ብርሃኑ የርግብግቢት አቅጣጫ ይለያያል። «ኤሌክትሮ-ብርሃናዊ ጠባይ» የምንለው ይህን ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው ሃይድሮክሲሉን «ቆሻሻ» ቢለው፣ ተማሪው ለሙከራው የሚያስፈልገውን ነገር ሊያስወግድ ይነሣል። እርግጥ ነው፣ ይኸው አዮን ከአየር እርጥበት ሳይፈለግ ሊገባም ይችላል። ነገር ግን መፈለጉና አለመፈለጉ የሠራተኛው ዓላማ እንጂ የአዮኑ ባሕርይ አይደለም። ስያሜው ፍርድ የሌለበት መሆን አለበት።

«ጉድለት»ም አይተካውም፤ እርሱ በአዮኖች አሰላለፍ ላይ ለሚታይ መዛባት ሁሉ የሚውል ሰፊ ቃል ነው። ባዶ የቀረ የአዮን ስፍራ ጉድለት ነው፤ ባዕድ ግን የለበትም።

ስለዚህ «ባዕድ» የሚለውን እንመርጣለን። «ባዕድ» ከሌላ ወገን የመጣ ማለት ነው እንጂ የረከሰ ማለት አይደለም። በጅጅጋ ሁለቱን ቋንቋዎች አጣምሮ ለሚሠራ ተርጓሚም መንገዱ ቀና ነው፤ ሶማሊኛው «ወሰኽ»ን ከ«ሺሼዬ» ይለያልና፣ «ሺሼዬ» የ«ባዕድ» አቻ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ባዕድ ሞለኪውል»፣ «ባዕድ አዮን» ይባል፤ ማብራራት ሲያስፈልግ «ሆን ተብሎ የገባ» ወይም «ሳይፈለግ የገባ» የሚል ቅጽል ይታከልበት። «ቆሻሻ» ለገበያው ጨው ይቆይ።