የመኪና ቀለም መርጫ ቤት እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ሳምንት የማታው ትምህርት ካበቃ በኋላ አንድ አዛውንት ተማሪያችን ወደ ኋላ ቀሩ። ሌሎቹ ተሰናብተው ሲወጡ እሳቸው ከጋቢያቸው ሥር አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ከተማ ካለው ልጃቸው የመጣ ደብዳቤ ነው። ከዚህ ቀደም ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ እስከ ገበያ ይሄዱ ነበር። ይህን ግን ራሳቸው አንብበው ጨርሰውታል።

«ልጄ፣ ፊደሉንስ ለየሁት፤ ነገሩ ነው ያልገባኝ» አሉኝ። «ለመኪና ቀለም መርጫ ቤት ልንሠራ ነውና በሬ ሽጠው ያግዙኝ ይላል። መኪና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለቀለሙ ቤት የሚሠራለት? እኛ ቤታችንን በጭቃ ስንመርግ ሌላ ቤት ሠርተንለታል እንዴ?»

ልጃቸው ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የተጋጨ መኪና የሚጠግን ማኅበር አቋቁሟል። ባትላሜራው የተጣመመውን ላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናል። ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ቀለም ይረጫል። እስካሁን የሚረጩት ግቢው ውስጥ በሸራ ጋርደው ነው። አሁን መርጫ ክፍል ማስገባት ፈለጉ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳያቸው፤ የትኛው እንደሚሻል ግን መምረጥ አቃታቸው።

ልጁ ጋራዥ የገባ ሰው ከመካከላችሁ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለሁላችሁም ጻፍኩት።

በመጀመሪያ ቀለም ሲረጭ ምን እንደሚሆን እንይ። ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ አየር ያምቃል። የታመቀው አየር በጎማ ቱቦ መጥቶ ቀለሙን ከመርጫው አፍ ላይ እንደ ጉም አድርጎ ይበትነዋል። ከዚህ ጉም ላሜራው ላይ የሚያርፈው ከፊሉ ብቻ ነው። በአሮጌ ዓይነት መርጫ ከግማሽ የሚበልጠው በአየር ላይ ይቀራል። ቀለሙን ለማቅጠን የተጨመረው ቲነርም እንዲሁ ይተናል። ታዲያ ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? መውጫ ካላገኘ የረጪው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ወይም ተመልሶ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል።

አውድማ ላይ ስታዘሩ ምን ታደርጋላችሁ? ነፋስ ትጠብቃላችሁ። ነፋሱ ከጎን ወይም ከኋላ እንዲመጣ አድርጋችሁ ትቆማላችሁ፤ እብቁም ከእናንተ ርቆ ይሄዳል። ነፋሱ ቢቆም ወይም ቢዞር እብቁ ዓይናችሁን ይሞላዋል። የቀለም መርጫ ክፍል ማለት በግድግዳ የታጠረ አውድማ ማለት ነው። ነፋሱን የሚያመጣው በሞተር የሚዞር ማራገቢያ ነው። ነፋሱ አይቆምም፣ አይዞርም። ሲገባ በወንፊት ይጣራል፤ ሲወጣም ቀለሙን የሚይዝ ሌላ ማጣሪያ አለው። እንግዲህ የሚገዛው ግድግዳው አይደለም፤ ነፋሱ ነው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «ነፋስም ይገዛል ዘንድሮ!» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ስለዚህ ነገር ስናገር መሳቅ ይከብደኛል። አጎቴ በአንድ የከተማ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ቀለም ረጭቷል። ክፍሉ መስኮቱ የተደፈነ መጋዘን ነበር፤ ማራገቢያ የለውም። አፉን በጨርቅ ያስር ነበር። ሳል ሲጀምረው «ብርድ ነው» ተባለ። እሑድ ቤት ሲውል ይሻለዋል፤ ሰኞ ሥራ ሲገባ ይመለስበታል። «ወተት ጠጣ፣ ያጥብልሃል» አሉት። እሱም በየቀኑ ጠጣ። ወተት እኮ የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሳንባን አያጥብም። ዛሬ አጎቴ በጋራዥ ደጃፍ ሲያልፍ ደረቱ ይዘጋል። ሥራውን ከተወ ቆይቷል።

የዚህ በሽታ ምክንያት ምንድን ነው? ለመኪና ከሚረጩት ቀለሞች ብዙዎቹ በሁለት ቆርቆሮ የሚመጡ ናቸው። አንዱ ቀለሙ ነው፤ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቀለሙ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በማጠንከሪያው ውስጥ ኢሶሲያኔት የሚባል ነገር አለ። ሰው ይህን ደጋግሞ ሲተነፍስ አስም ሊይዘው ይችላል። አንድ ጊዜ ከያዘው በኋላ ደግሞ ጥቂቷ ብናኝ ትበቃዋለች። ሽታው ቀድሞ አያስጠነቅቅም። በዓይንም ሁልጊዜ አይታይም፤ ክፍሉ የጠራ መስሎ ጉሙ አሁንም ይኖራል። አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ አያግደውም። ከሰል ያለበት ጭንብልም ጊዜው ማለፉን ራሱ አይናገርም። ትክክለኛው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ እየመጣ የሚተነፈስበት ጭንብል ነው። አየሩን የሚስበው ኮምፕሬሰር ደግሞ የመኪና ጭስ በሌለበት ቦታ መቆም አለበት። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ክፍሉ ምንም ጥሩ ቢሆን ጭንብሉን ስለማይተካ ነው።

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ይፈስሳል። በበር ሥር አልፎ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ የክፍሉ መብራት በመስታወት የታሸገ መሆን አለበት። የማራገቢያው ሞተር የቀለሙ ትነት በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቀመጥ የለበትም። የብየዳ ቦታ ከዚያ መራቅ አለበት። ሻጩ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ክፍል ሲያሳይ መጀመሪያ ቀና ብሎ አምፖሉን ማየት ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓይነቶች እንምጣ። ልዩነታቸው ነፋሱ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ነው።

አንደኛው ነፋሱ በፊት በር ገብቶ በመኪናው ጎንና ጎን አልፎ በኋላ ግድግዳ የሚወጣበት ነው። ጉድጓድ አይፈልግም፤ ከሦስቱ ርካሹ ይህ ነው። ጉዳቱ ምንድን ነው? ከፊት ለፊት የተረጨው ጉም በመኪናው ርዝመት ሁሉ ይጓዛል። ረጪው በመኪናውና በመውጫው መካከል ከቆመ እብቅ በሚሄድበት በኩል እንደቆመ ሰው ነው። ጉሙን ይጠጣዋል። ስለዚህ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚረጭ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ነፋሱ ከጣሪያው የፊት ጫፍ ገብቶ ከኋላ ግድግዳ በታች በኩል ይወጣል። ከመጀመሪያው ጥቂት ይሻላል።

ሦስተኛው ነፋሱ ከመላው ጣሪያ ወርዶ በወለሉ ውስጥ የሚወጣበት ነው። ወለሉ ፍርግርግ ብረት ነው፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ። ጉሙ ከሰው ፊት ወደ እግር ይወርዳል። አቧራውም አብሮ ስለሚወርድ ቀለሙ ንጹሕ ይሆናል። በጥራቱ የሚመሰገነው ይህ ነው። ነገር ግን ጉድጓድ መቆፈር ወይም ወለሉን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። መሬቱ የኪራይ ከሆነስ? ባለመሬቱ ውጡ ቢል ክፍሉን ነቅሎ መሄድ ይቻላል፤ ጉድጓዱን ግን ማን ተሸክሞ ይሄዳል? በክረምት ውሃ የሚያመነጭ መሬት ከሆነም ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል።

አዛውንቱ እዚህ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ ግቢውን የተከራዩት ይመስለኛል» አሉ። እንዲያ ከሆነ የእኔ ሐሳብ የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ዓይነት ነው አልኳቸው። ጥሩ ነፋስ ያለው ርካሽ ክፍል፣ ነፋሱ ደካማ ከሆነ ውድ ክፍል ይሻላል።

ነፋሱ በቂ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ሒሳብ ስትማሩ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ያላችሁኝ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በመርጫ ክፍል አፍ ላይ የሚያልፈው ነፋስ በደቂቃ 100 ጫማ እንዲጓዝ ያዝዛል። ይህ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ክፍል ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ 4 ሲባዛ በ3፣ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። 12 በግማሽ ሲባዛ 6 ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በየሰከንዱ 6 ሜትር ኩብ አየር መሳብ አለበት። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ይሞላል። እንግዲህ 30 በርሜል አየር ማለት ነው።

«በቀን?» አሉ አዛውንቱ።

«በሰከንድ፣ አባቴ። ልብዎ አንድ ጊዜ እስኪመታ።»

ይህን ያህል ሲወጣ ይህን ያህል መግባት አለበት። የሚገባው ከሚወጣው በጥቂቱ ማነስ አለበት። ያን ጊዜ ክፍሉ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጉሙም በስንጥቅ አልፎ ወደ ሌሎቹ ሠራተኞች አይሄድም። ሻጩ «ኃይለኛ ነው» ቢል አይበቃም፤ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚስብ በወረቀት ይጻፍ። ለዚህ ክፍል ቁጥሩ 21,600 ነው።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። 60 ጊዜ ለሚመላለስበት አገር የተሠራ ማራገቢያ እዚህ ሲገጠም ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። 6 ሜትር ኩብ ይስባል የተባለው 5 ብቻ ይስባል። ከፍታም አለ። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ከተማው ደጋ መሆኑን ለሻጩ መንገር ነው።

ሌላው ማጣሪያው ነው። በሬ ሲገዛ ጭዱ አብሮ ይታሰባል። ማጣሪያ ይሞላል፣ ይደፈናል፣ ይለወጣል። ተለዋጩ የት ይገኛል? ዋጋውስ? በአሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ የመውጫው ማጣሪያ ከሚበንነው ቀለም ከ100 እጅ 98 እጁን እንዲይዝ አዟል። ማጣሪያው ሲደፈን ግን ነፋሱ ይደክማል፤ ሰውም ሳያውቀው ጉም ውስጥ ይሠራል። ይህን የሚያሳይ የግፊት መለኪያ ከክፍሉ ጋር መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማጣሪያው የቲነሩን ትነት እንደማይዝም አትርሱ። ስለዚህ መውጫው ቱቦ ከጣሪያ በላይ ከፍ ይበል፤ ወደ ጎረቤት መስኮትም አይዙር።

ማሞቂያ ያለው ክፍልም አለ። ላሜራውን እስከ 60 ዲግሪ አሙቆ ቀለሙን በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርቀዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ነዳጅ ይበላል። ገንዘብ ካጠረ ማሞቂያው ይቅር፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይደርቃል።

ክፍሉ ተገጥሞ ቀለምና ቲነር ገና ሳይገባበት አንድ ፈተና አለ። ክፍሉን በጭስ ሞልቶ ማራገቢያውን ማስነሳት፣ ጭሱ ጨርሶ እስኪጠፋም ደቂቃ መቁጠር ነው። ያ ቁጥር በሩ ላይ ይጻፋል። ረጪው ሥራውን ጨርሶ ያን ያህል ደቂቃ ሳይሞላ ጭንብሉን ከፍ ማድረግ የለበትም፤ ቀለሙን ቀረብ ብሎ ለማየት እንኳ ቢሆን። ብዙዎች የሚጎዱት በዚች ጊዜ ነው።

ወሬያችንን ስንጨርስ አዛውንቱ ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ ባለፈው ሲመጣ ያመጣልን ጣሳ አለ፤ እናቱ ጨው ታስቀምጥበታለች» አሉ። የቀለም ነው? አልኳቸው። ነው። ጨው፣ ቅቤ፣ ማር፣ የሚበላ ነገር ሁሉ ከእንዲህ ያለ ጣሳ ይውጣ። ቲነር የነበረበት ጀሪካንም ቢታጠብ ውሃ አይቀዳበትም።

መልሱን ራሳቸው ጻፉ። ሁለት ማታ ፈጀባቸው። «መሬቱ የማን ነው?» የሚለውን መጀመሪያ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አላልኳቸውም። ከዚያ ነፋሱ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ፣ ሞተሩ የት እንደተቀመጠ፣ ማጣሪያው በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ጠየቁ። በሬውን ገና አልሸጡም፤ መልሱን እየጠበቁ ነው። ቅዳሜ ግን ሁለት በግ ወደ ገበያ ነድተው ሸጡ። ገንዘቡን የላኩት ለአየር ቱቦው ጭንብል ነው፤ «ሳልህ እሑድ ይሻልሃል ወይ?» ብለውም ከደብዳቤው ግርጌ ጨመሩበት።