የሳምንት የአየር ጠባይ ግምት በፊጂ ደሴቶች

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች ከሚያወጧቸው መግለጫዎች መካከል ብዙ ጊዜ በሚገባ የማይነበበው የሳምንቱ ግምት ይመስለናል። አንባቢው እንደ ትንቢት ይቀበለዋል፤ የተባለው ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ሐሰት ነው ብሎ ይተወዋል። የሳምንት ግምት ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ጸንቶ የሚኖረውንና የሚለዋወጠውን ነገር አመዛዝኖ፥ የትኛው ይበልጥ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ነው። ይህን ለማስረዳት ፊጂን መርጠናል። በትንሽ መሬት ላይ የተለያየ አየር የሚታይባት፥ የግምቱም አነባበብ የሰው ሕይወት የሚነካባት አገር ናትና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ) የአገሩ አቀማመጥ

ፊጂ በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፥ ከ300 የሚበልጡ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ከደሴቶቹ ትልቁ ቪቲ ሌቩ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ በላዩም ከፍታው 1,324 ሜትር የሆነ የቶማኒቪ ተራራ ይገኛል።

በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ነፋስ የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ይህ ነፋስ ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ ተራራውን ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ ደመናና ዝናም ይሆናል። ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ግን ይሞቃል፤ ደረቅም ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በነፋሱ ፊት ያለችው ዋና ከተማ ሱቫ በዓመት 3,000 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ስታገኝ፥ ከተራራው በስተምዕራብ ያለችው ናንዲ ከ2,000 ሚሊሜትር ያነሰ ታገኛለች። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት በፊጂ ዝናም ይጥላል» ቢባል ነገሩ ጎደሎ ነው፤ በየትኛው ወገን ተብሎ መጠየቅ አለበት። የሸንኮራ አገዳ ገበሬ የሚኖረው ባመዛኙ በደረቁ ወገን ነውና፥ የሱቫ ዝናም የእርሱን እርሻ ላያርሰው ይችላል።

ለ) የሚለዋወጡት ነገሮች

የዝናሙ ወራት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፥ ማለት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው። በእነዚህ ወራት ከሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘረጋ ረጅም የደመና መቀነት ይታያል፤ ሊቃውንቱ የደቡብ ፓሲፊክ የነፋሳት መገናኛ ይሉታል። መቀነቱ በደሴቶቹ ላይ ሲያርፍ ዝናሙ ለቀናት ይዘንባል፤ ሲርቅ ሰማዩ ይጠራል። የሳምንቱን ግምት የሚያዘጋጁ ሰዎች አስቀድመው የሚመለከቱት ይህ መቀነት ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ሁለተኛው፥ ማደንና ጁሊያን የተባሉ ሊቃውንት በ1971 የገለጹት ሞገድ ነው። ይህ ከምድር ወገብ ሳይርቅ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ የደመናና የነፋስ ሞገድ ከ30 እስከ 60 ቀን በሚሆን ጊዜ ይመላለሳል። ሞገዱ ወደ ፓሲፊክ ሲደርስ የዝናምና የዐውሎ ነፋስ ዕድል ይጨምራል።

ሦስተኛውና ዝግ ብሎ የሚለወጠው ኤል ኒኞ ነው። የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓሲፊክ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የደመናው መቀነት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሸሻል፤ ፊጂም ትደርቃለች። በ1997 እና በ1998 የደረሰው ድርቅ የአገዳውን ምርት በእጅጉ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ2015 በኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናም ተጓድሎ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ሲያስፈልገው፥ አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የሩቅ ባሕር ሙቀት ነበር።

ሐ) ግምቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ

የፊጂ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ዋና ጣቢያ በናንዲ ነው። ከየደሴቱ የሚላከው ልኬት፥ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ፊኛ፥ የጃፓኑ ሂማዋሪ ሳተላይት በየ10 ደቂቃው የሚያነሣው ሥዕል በአንድነት ይመረመራሉ። ከዚያም በታላላቅ ኮምፒዩተሮች የተሠራው ስሌት ይታያል።

ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 እንዳስረዳው፥ በመነሻው ላይ ያለ እጅግ ትንሽ ልዩነት ከቀናት በኋላ እጅግ ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይሠራም፤ መነሻው በጥቂቱ እየተለወጠ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለምሳሌ ያህል ከ50 ስሌቶች 40ዎቹ ዝናም ቢያሳዩ፥ ግምቱ «ዝናም የመጣል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው» ይላል። ይህ ቃል የፍርሃት ወይም የማምለጫ ቃል አይደለም፤ 10ሩን ስሌቶች ሳይደብቅ የሚናገር ቃል ነው።

መ) የዊንስተን ትምህርት

የዚህ አነባበብ ጥቅም በ2016 በፌብሩዋሪ ወር ታይቷል። ዊንስተን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከቫኑዋቱ አቅራቢያ ተነሥቶ ፊጂን በሩቁ አልፎ ወደ ቶንጋ ሄደ። ሄደ ሲባልም በዚያ ዞሮ ወደ ምዕራብ ተመለሰ፤ በ20ኛው ቀን እጅግ ከፍተኛ በሆነው በ5ኛው ደረጃ ፊጂን መታ፤ 44 ሰዎችም ሞቱ። የሳምንቱን መጀመሪያ መግለጫ ብቻ አንብቦ «አደጋው አለፈ» ያለ ሰው ከሚጠበቅበት ጥንቃቄ ይዘናጋል፤ በየቀኑ የሚታደሰውን የተከታተለ ግን መጠለያ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።

አደጋው ሁልጊዜ ስም ያለው ዐውሎ ነፋስ ነው ማለትም አይደለም። በ2012 በጃንዩዋሪና በማርች ናንዲንና ሌሎቹን የምዕራብ ከተሞች ያጥለቀለቀው ጎርፍ የመጣው ከከባድ ዝናም ነው። ደረቅ የሚባለውም ወገን፥ የነፋሱ አቅጣጫ ሲለወጥ፥ ደረቅነቱ አያድነውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የሳምንት ግምት በእጁ የገባ ሰው ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ግምቱ ስለ የትኛው ሥፍራ ይናገራል? ሁለተኛ፥ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፥ የወጣው መቼ ነው? አገዳውን የሚያስቆርጥ ገበሬ ትንሽ የዝናም ዕድል ቢሰማ ሥራውን ላይተው ይችላል፤ በትንሽ ጀልባ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ግን በዚያው ትንሽ ዕድል ቢቀር መልካም ያደርጋል። ዕድሉ አንድ ሲሆን ኪሣራው ግን ይለያያልና። ዕድሉን መንገር የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው፤ ኪሣራውን መመዘን ግን የአንባቢው ነው።