በአሜሪካ ስለ ተነሣው የተወላጅነት ፖለቲካ፤ የቀድሞውና የአሁኑ ንጽጽር

ከውጭ በመጣ ሕዝብ የቆመ መንግሥት ከውጭ የሚመጣውን ሰው ስለምን ይፈራል? የአሜሪካ ታሪክ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ያቀርብልናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የ1850ዎቹን ንቅናቄ ከዘመናችን ጋራ እናነጻጽራለን፤ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ስለ ጠፋና ረኃብ ስለ ጸና፥ በጀርመንም ችግር ስለ በዛ፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ካቶሊካውያን ነበሩና ነባሩ ፕሮቴስታንት ሕዝብ «ለሕገ መንግሥቱ ሳይሆን ለሮማ ፓፓ የሚታዘዙ ናቸው» እያለ ጠረጠራቸው። በኒውዮርክ የተቋቋመ አንድ ምስጢራዊ ማኅበርም ይህን ፍርሃት ወደ ፖለቲካ ለወጠው። አባሎቹ ስለ ማኅበሩ ሲጠየቁ «አላውቅም» እያሉ ስለ መለሱ «ምንም አናውቅም ባዮች» ተባሉ፤ ኋላም «የአሜሪካ ፓርቲ» በሚል ስም በይፋ ወጡ። ዜግነት ለማግኘት 5 ዓመት የነበረው የመቀመጫ ጊዜ 21 ዓመት እንዲሆን ጠየቁ። በ1854 የማሳቹሴትስን አገረ ገዥነትና ምክር ቤቱን ከሞላ ጎደል ያዙ። በ1855 በሉዊቪል ከተማ በምርጫ ቀን በተነሣው ሁከት ቢያንስ 22 ሰዎች ሞቱ። ሆኖም ፓርቲው በባርነት ጉዳይ ተከፈለ፤ በ1856ም እጩው ሚላርድ ፊልሞር ሜሪላንድን ብቻ አሸነፈ።

ፓርቲው ቢፈርስም አሳቡ አልሞተም። በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የ1924ቱ ሕግ ደግሞ የእያንዳንዱን አገር ድርሻ፥ በ1890 ቆጠራ በአሜሪካ ከተገኙት የዚያ አገር ተወላጆች በመቶ 2 ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ቆጠራው የተመረጠው የኢጣልያንና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ገና ሳይበዙ የተደረገ ስለ ነበረ ነው። የኮታው ሥርዓት፥ ስሌቱ ቢለወጥም፥ እስከ 1965 ጸና። የእኛን ሞያ በቀጥታ የሚነካው ነገር ይህ ነው፤ ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ማስረጃ ያቀርብ የነበረው ሃሪ ላፍሊን በዘር ማሻሻል ትምህርት ስም ይናገር ነበር። ፍራንዝ ቦአስ ግን የስደተኞችን ልጆች ራስ ለክቶ፥ «የማይለወጥ» የተባለው የዘር ምልክት በአዲስ አገር እንደሚለወጥ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ አልሰሙትም።

በዘመናችን በ2017 ሕዝባቸው በአብዛኛው እስላም የሆነ ሰባት አገሮች፥ ከእነርሱም ሱዳንና ሶማልያ፥ ዜጎቻቸው እንዳይገቡ ትእዛዝ ወጣ። ተሻሽሎ የወጣውን ትእዛዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 አጸናው፤ በ2021 ተሻረ፤ በ2025 ኤርትራን ጭምር የያዘ አዲስ እገዳ ታወጀ። በካቶሊካዊው ላይ የቀረበው የ«ሁለት ጌታ» ክስ በእስላሙ ላይ ተመለሰ፤ ከከሳሾቹም መካከል የቀድሞዎቹ ተከሳሾች የልጅ ልጆች ይገኛሉ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የቀድሞው ንቅናቄ አዲስ ፓርቲ መሥርቶ ፈጥኖ ፈረሰ፤ የአሁኑ ግን ነባሩን የሪፐብሊካን ፓርቲ ከውስጥ ይዞ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። የቀድሞው በይበልጥ የተከራከረው ስለ ዜግነት ነበር፤ የአሁኑ ስለ መግባትም ጭምር ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከአውሮፓውያን አስቀድሞ በምድሪቱ የኖሩት ነገዶች በጠቅላላው በሕግ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙት በዚያው በ1924 ነው። እንግዲህ በዚህ ፖለቲካ «ተወላጅ» የሚለው ስም የሚያመለክተው በስፍራው መወለድን ሳይሆን፥ ሌላውን መጤ ለማለት የሚያስችል ሥልጣንን ነው።